ለአባታችን የሰጠኸው ደም

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለሚልክያስ፤ ጆሃንስበርግ።

ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ? ሱቁ እንዴት ነው፤ ሰፈሩስ ረግቷል ወይ? ያ በብርዱ ጊዜ የያዘህ ሳል ለቀቀህ? የምትበላውን የሚያበስልልህ ሰው አገኘህ ወይስ አሁንም ኑሮህ በዳቦና በሻይ ነው? እኛ በጌታ ቸርነት ደህና ነን። እማዬም ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ደህና ናት። ዘንድሮ ዝናቡ ቆየብን፤ ጎደሬው ግን አምሮበታል። ደህና ነን ስልህ እንግዲህ የደብዳቤ ደህንነት መሆኑን ታውቃለህ፤ ዋናው ነገር ከታች ይመጣል።

በስልክ ብነግርህ ይቀለኝ ነበር። አንተ ግን ካለፈው ወር ጀምሮ ወይ አታነሳም፣ ወይ «ሥራ ላይ ነኝ» ብለህ ትዘጋብኛለህ። ደግሞም ስልክ በያዝኩ ቁጥር እማዬ አጠገቤ መጥታ ትቀመጣለች። ስለዚህ የጎረቤታችን ልጅ ዘላለም ወደ እናንተ ሊመለስ ስለሆነ በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ። ፖስታውን ዙሪያውን በክር ሰፍቼዋለሁ። ክሩ ተፈትቶ ከደረሰህ ዘላለም አንብቦታል ማለት ነውና ዝም እንዳትለው።

በድምፅ የላኩልህ መልእክት ተቆራርጦብህ ሊሆን ስለሚችል ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርህ። በጥቅምት ሚስትህ ሰገነት ትሕትናን ይዛ ዲምቱ እናቷ ዘንድ ሰነበተች፤ ስትመለስ ልጅቷን ወባ ይዟት መጣች። ሆስፒታል ስናስገባት ደሟ አንሷል፣ ምናልባት ደም ሊያስፈልጋት ይችላል ብለው መረመሯት። ሰገነት ወዲያው እጅጌዋን ሰብስባ የኔን ቅዱላት አለች። ነርሷ እሷንም መረመረቻትና የልጅሽ «ቢ» ነው፣ ያንቺ «ኦ» ነው አለቻት። በመጨረሻ ልጅቷ ደም ሳያስፈልጋት በመድኃኒቱ ብቻ ዳነች፤ ጌታ ይመስገን። እኔ ግን ያቺን የነርሷን ቃል ይዤ ቤቴ ገባሁ።

እናትየዋ «ኦ» ናት። አንተስ? አንተማ «ኦ» መሆንህን ዘመድ ሁሉ ያውቃል። አባታችን ጨጓራው ደምቶ በሞትና በሕይወት መካከል ሳለ፣ ሐኪሙ ደሙ «ኦ» ነው፣ ደም የሚሰጥ ዘመድ አምጡ ሲል ክንድህን የዘረጋኸው አንተ ነህ። የዚያኑ ዕለት ደሙ ጠብ ጠብ እያለ ሲገባለት እማዬ አልጋው ሥር ተንበርክካ ስትጸልይ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ በመጣው የዘመን መለወጫችን፣ በጊፋታ፣ በሬው ታርዶ ዘመድ በተሰበሰበበት አባታችን እጅህን ይዞ «እኔ ወለድኩት፣ እሱ ደግሞ መልሶ ወለደኝ» ብሎ መረቀህ። ቦዲቲ መንገድ ዳር ያለውንም ቦታ የሰጠህ ያን ቀን ነው። እኔም ሆስፒታል ክንዴን ዘርግቼ ነበር፤ አንቺ ራስሽ ደም የለሽም ብለው መለሱኝ። በምርቃቱ ቅር አላለኝም። ትንሽ ብቻ ነው።

ታዲያ «ኦ» እና «ኦ» ተገናኝተው «ቢ»ን ከየት አመጡ? ይህን ለመጠየቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ከነጭ ጥጥ ጥቁር ክር አይፈተልም። በድምፅ የላኩልህም ይህንኑ ነው። ባዳ ከሚነግርህ እህትህ ትንገርህ ብዬ ነውና አሁንም አልጸጸትም። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ ይኖራል ስንጥር ይባል የለ? አንተም መልእክቱን ከሰማህ ወዲህ የሰገነትን ስልክ ማንሳት ተውክ።

እኔም እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ቢኒ የሚባል ባለባጃጅ በየገበያው ቀን ሰገነት ደጅ እንደሚቆም ሰምቼ ቦዲቲ ድረስ ሄድኩ፤ ከቤትህ ፊት ለፊት አቮካዶ ሻጮቹ ዘንድ ተቀመጥኩ። አልገዛም፣ አልሄድም፣ አቮካዶውን እየጨመቅሁ ብቻ ስቆይ ሻጯ ልትመታኝ ምንም አልቀራት። ቢኒ መጣ፣ ጆንያ አወረደ፣ ሄደ። በኋላ በዘዴ ስጠይቀው እናቷ ከዲምቱ በመኪና የምትልክላትን በቆሎ ከመናኸሪያ እያመጣላት ነው። ወሩንም አሰላሁ። ለጊፋታ መጥተህ ተጋባችሁ፣ ከሠርጉ በኋላ ብዙም ሳትቆይ ሄድክ፣ ትሕትና በሰኔ ተወለደች። ሂሳቡ ይገጥማል። ሲገጥምልኝም አልወደድኩትም፤ እንዲህ ልክክ ያለ ነገር ይበልጥ ያጠራጥረኛል።

በዚህ መካከል ባዮሎጂ የሚያስተምረው መምህር ፋኑኤል ሱሪ ሊያሳጥር ስፌት ቤቴ መጣ። አንዲት የማውቃት ሴት አለች ብዬ ስም ሳልጠራ ጠየቅሁት። እሱም ከጠረጴዛዬ ላይ ክር አነሳና ያስረዳኝ ጀመር። ልጅ ከእናቱ አንድ ክር፣ ከአባቱ አንድ ክር ይወርሳል አለኝ። «ኦ» የሚባለው ሁለቱም ክሩ ነጭ የሆነ ሰው ነው። «ቢ» የሚባለው ደግሞ ቢያንስ አንዱ ክሩ ቀይ ነው፤ ሌላው ነጭ ቢሆንም ቀዩ ይሸፍነዋል። እናትየዋ ሁለቱም ክሯ ነጭ ከሆነ ለልጇ ቀይ ልትሰጥ አትችልም፤ ስለዚህ ቀዩ የመጣው ከአባት ነው። እኔም ከወንበሬ ተነስቼ፣ አየህ፣ ባልየው እኮ «ኦ» ነው አልኩት። እሱ ግን ክሩን አስቀምጦ የባልየው ደም «ኦ» መሆኑ በምን ታወቀ አለኝ። ያን ጊዜ «አንዲት ሴት» ማለቴ ቀረና የአንተንና የአባታችንን ነገር ነገርኩት። ሳቀ።

ያኔ ዘመድ የሚሰጠው ደም ለራሱ ለታማሚው አይደለም አለኝ። የዘመድየው ደም ምንም ዓይነት ይሁን ይቀዳና ወደ ደም ባንክ ይገባል፤ በምትኩ ለታማሚው የሚስማማው ከባንኩ ይወጣለታል። ገባህ ሚልክያስ? አባታችን ሰውነት ውስጥ የገባው ደም ያንተ ላይሆን ይችላል። የቦምቤ ተማሪ ይሁን የቦዲቲ ነጋዴ፣ የማን እንደነበረ የሚያውቅ የለም። አባታችን ይህን ሳያውቅ መሞቱ ደግ ሆነ። በጣም ከመናደዴ የተነሳ የመምህሩን ሱሪ አንዱን እግር ብቻ አሳጥሬ ሰጥቼው ኖሮ በማግስቱ ይዞት ተመለሰ። አላመንኩትምና ደም ባንክ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁ፤ እነሱም ቃል በቃል እንደዚያው አሉኝ።

እዚህ ላይ ልቤ ማረፍ ነበረበት፤ ግን ልቤን ታውቀዋለህ። አባታችን «ኦ» ነበር፣ ሁለቱም ነጭ። አንተ ቀይ ክር ካለህ ያገኘኸው ከእማዬ መሆን አለበት፤ እማዬ ደግሞ ተመርምራ አታውቅም። እሷም «ኦ» ብትሆንስ? ከዚያ ወዲያ ጎደሬ ስትልጥም ስትጸልይም ፊት ፊቷን አያት ጀመር። ያንተ አፍንጫ ከዘመዶቻችን የማንንም አፍንጫ እንደማይመስል ትዝ አለኝ። ድሮ ቤታችን ይመላለስ የነበረ አንድ ቅቤ ነጋዴ እንኳ ትዝ አለኝ፤ ስሙን አልጽፍልህም።

አንድ ጠዋት እማዬ ነጠላዋን ለብሳ በሩ ላይ ቆመች። ተነሺ፣ ጤና ጣቢያ ውሰጂኝና ጣቴን ይውጉት አለችኝ። ጥርጣሬዬን ማን እንደነገራት አልገለጸችልኝም፤ መምህር ፋኑኤል ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ሄድን፤ ጣቷን ተወጋች፤ «ቢ» ሆነች። እስክንወጣ ድረስ ዓይኔን አላየችኝም። አስፋልቱን ስንሻገር መሐል ላይ ቆማ፣ ባጃጆቹ እየጮሁብን፣ በወላይትኛ ተናገረችኝ። በአማርኛ ስጽፈው ይቀዘቅዛል፤ ግን እንዲህ ነው፤ «እኔ የማስወጋው ጣት ነበረኝ። ሰገነት ምን ታምጣልሽ? የእሷ ምስክር ያለው በልጄ ክንድ ውስጥ ነው፤ እሱ ደግሞ ስልክ አያነሳም።» ክንዷን ይዤ አሻገርኳት።

አሁን እንግዲህ ያንተን ደም የሚያውቅ ሰው የለም። «ቢ» ከሆንክ ነገሩ ሁሉ ይቃናል። «ኦ» ከሆንክ የዚያን ጊዜ የምለው አለኝ። ደብዳቤውን ስጀምር፣ ሂድና ተመርመር፣ ውጤቱን ለእኔ ላክልኝ ልልህ ነበር። እማዬ ግን ይህን ጻፊለት አለችኝ፤ ሳልጨምር ሳልቀንስ ይኸው፤ «ከመመርመርህ በፊት ለሚስትህ ደውልላት። ተመርምረህ ከደወልክ የደወለላት ደምህ ነው እንጂ አንተ አይደለህም።» እኔ ብሆን መጀመሪያ እመረመር ነበር፤ አልዋሽህም። ሰገነት ግን ያገባችው አንተን እንጂ እኔን አይደለም።

እማዬ ጉንጭህን ትስምሃለች፤ ጸሎቷ አይለይህ። ባለቤቴ ሻንቆ እጅግ አድርጎ ሰላም ይልሃል፤ ለብሩክታይት ብዙ ሱሪ ላክላት፣ ሥራ ስትፈታ አስቸገረችን በለው ብሏል። ልጄ ማቲ አጎቴ እንዴት ነው ይላል። ትሕትና ፈጽማ ድናለች፤ ስልክ በጠራ ቁጥር «አባዬ ነው?» እያለች ትሮጣለች፣ ኔትወርክ እምቢ ብሎት ነው እንላታለን። ለሰገነትም ደብዳቤ ልጽፍለት ነውና የምልክለትን ሰላምታ ንገሪኝ ብዬ ቦዲቲ ድረስ ሄጄ ጠየቅኋት። በሩ ላይ እንደቆመች፣ ግቢም ሳትለኝ፣ ምንም አትበይው አለችኝ። ስለዚህ ከሰገነት የተላከልህ ሰላምታ የለም።

እህትህ ብሩክታይት ባዳቾ
ወላይታ ሶዶ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.