የአማቴ ፖዚትሮኖች

ሰኞ

ነገ አማቴን ሆስፒታል የምወስደው እኔ ነኝ። ባለቤቴ አስቴር ስምንተኛ ወሯ ስለሆነ ያንን ክፍል አትረግጥም፤ ለነፍሰ ጡር ክልክል ነው። እማማ የአንገታቸውን እጢ ሲታከሙ ስድስት ወር ሆናቸው። መጥፋት አለመጥፋቱ አሁን ይታያል።

በምሠራበት መጋዘን ውስጥ፣ በምሳ ሰዓት፣ ስለ ምርመራው አነበብኩ። ጨረር ያለው ስኳር በባዶ ሆድ በደም ሥር ይሰጣል። እጢ ስኳር ይወዳል፤ በዚህ እንኳ እንመሳሰላለን። ስኳሩ ፖዚትሮን ያወጣል፤ ፖዚትሮን የኤሌክትሮን መንታ ነው፣ ክብደቱ እኩል፣ ኤሌክትሪኩ ተቃራኒ። ሲገናኙ ሁለቱም ይጠፋሉ፤ በምትካቸው ሁለት ብርሃን ወደ ሁለት አቅጣጫ ይፈናጠራል።

መጀመሪያ ማንም አላየውም። ወረቀት ላይ የተሠራ ስሌት ትርፍ መልስ ስላመጣ፣ ትርፉን ለመጣል ያልደፈረ ሰው ነው ያመነው። ቆይቶ ከሰማይ በሚወርድ ጨረር ውስጥ ተገኘ። እኔ ትርፍ መልስ ሲመጣብኝ ላጲስ ነበር የማነሣው።

ማክሰኞ

ነርሷ መርፌውን ወግታ "አንድ ሰዓት ተጋድመው፣ ሳይንቀሳቀሱ፣ ሳያወሩ" አለች። ከዕብራይስጥ ተረጎምኩላቸው። "ቤሰደር" አሉ እማማ በነርሷ ቋንቋ፤ እሺ ማለታቸው ነው። ነርሷ እኔን አስወጣችኝ።

ትንሽ ቆይቼ በሩን ገርበብ አደረግኩ። እማማ ብድግ።

"ኖር፣ ልጄ።"

"በእግዚአብሔር። እማማ፣ ይተኙ እንጂ።"

"አማች ሲገባ እግሬን ዘርግቼ? የሰው ልጅ አይደለሁም?"

እስክወጣ ድረስ አልተቀመጡም። ደህንነታቸውን ለማየት ስምንት ጊዜ ገባሁ፤ ስምንት ጊዜ ተነሡ። አማትን የሚያዝ ወንድ ከየት ይመጣል? ለነርሷም አልተናገርኩም።

ከዚያ ማሽኑ። ቀለበት ነው፤ ሁለቱን ብርሃኖች እኩል ሲያገኛቸው ከየት እንደተነሡ ያውቃል። ነጭ ሻሽ ባሰሩት በእኚህ ሴት ውስጥ በየሰከንዱ ሚሊዮኖች ይጠፋፋሉ፣ እሳቸው ግን ጣሪያውን ያያሉ። ዓለም ሲጀምር ቁስና ተቃራኒው እኩል ነበሩ ይባላል፤ አንዱ ለምን እንደተረፈ የሚያውቅ የለም። እማማ መልስ ሳይኖራቸው አይቀርም። ግን እንዳያወሩ ተከልክለዋል።

ቤት ስንደርስ እስከ ማታ ከአስቴር እንዲርቁ ነገርኳቸው። "ባገራችን ሴት አበባዋ ሲመጣ ለብቻዋ የምትቆይበት ጎጆ ነበረ፤ ሰባት ቀን። እዚህ እስከ ማታ? ሁሉ ነገራቸው ጥድፊያ ነው" አሉና ክፍላቸውን ዘጉ።

ረቡዕ

ሐኪሙ ደወለ። ሁለቱም ጭኖቻቸው ደምቀው ታይተዋል። አስቴር ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

"አማትህ ሮጣ ነበር?" አለኝ ሐኪሙ።

አልሮጡም አልኩ። ከዚያ ስምንት ጊዜ ለክብሬ እንደተነሡ ተናዘዝኩ።

"ላንተ ክብር?" አለ ሐኪሙ።

"ለአማች።"

"የኔ አማት ስሜንም አትጠራም።"

የሚሠራ ጡንቻ ስኳሩን ይስባል፤ የጭኑ ድምቀት ከዚያ ሳይሆን አይቀርም አለ። የአንገቱ ምስል ግን ደብዝዟል፣ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ለነገ ቀጠሮ የሰረዘ ሰው ስላለ ይደገማል።

አስቴር አላናገረችኝም። አልፈርድባትም። ለእናቷ ደግ ልሁን ብዬ ለሐኪሙ ጉም አሳየሁት።

ሐሙስ

መርፌው ከተወጋ በኋላ ሁለት ፎቅ ወርጄ ተቀመጥኩ። ሙዝ ገዛሁ። ሙዝ ውስጥም አልፎ አልፎ ፖዚትሮን እንደሚፈጠር አንብቤአለሁ። በአክብሮት በላሁት። አንድ ሰዓት እንዲህ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር።

ነርሷ "ሲያንኮራፉ ነበር" አለችኝ። እማማ ሲወጡ፣ "ዛሬ ፊትህን አላየሁም፣ ተቀይመኸኝ ነው?" አሉ።

"አይደለም፣ እማማ። ላክብርዎ ብዬ ነው።"

ዓርብ

ሰንበት ሊገባ ሲል ስልኩ ጮኸ፤ ሐኪሙ ነው። የጭኑ ድምቀት ጠፍቷል። አንገቱስ? እሱም ምንም የለበትም፤ ደረቱም። የሚያበራው አንጎላቸው ብቻ ነው፣ ያ ደግሞ የማንም ያበራል አለ።

"ምን አለ?" አሉ እማማ።

"ከጭንቅላትዎ በቀር የሚያበራ የለም አለ።"

"ለዚህ ነው ሁለት ቀን ያስጾመኝ?"

አስቴር እያለቀሰች ልታቅፋቸው ሞከረች፤ በሆዷ ምክንያት እጇ አልደርስ አለ። ሐኪሙ ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ላያቸው ይፈልጋል። ያኔ አስቴር ትወስዳቸዋለች፤ እኔ ሕፃኑን ይዤ ቤት እቀራለሁ። ለሁሉም የሚሻለው ይህ ነው።