ሞራው ያላየው ሳንባ

ግንቦት 9፣ ጠዋት
አሁንም ታስላለች። ከአምባሰል ለገበያ ካመጣኋቸው በጎች ዳለቻዋ። ከላቷ ሥር ጠጠር ጠጠር ያለ እብጠት አለ። ሌሎቹ ደህና ይመስላሉ። አረፋ ደርሷል፤ ያለኝ ሁሉ እዚህ በረት ውስጥ ነው። ደክሞኛል።

አመሻሽ
ሳትሞት አረድናት። የሚስቴ ወንድም እንድሪስ ሞራውን፣ የሆድ ዕቃዋን ስብ፣ ወደ ብርሃኑ ዘርግቶ የሚመጣውን አነበበ። «አብሽር! ሲሳይ ነው፤ ከዚህ በረት ሬሳ አይወጣም።» ሳንባውን እንደ ልማዳችን ሳያየው ለውሻ ሊወረውር ሲል እጁን ያዝኩት። እባጭ ሞልቶታል። ሳንባ ማን ያነባል፣ ደብተሬ? እኛ ሞራ ነው የምናነብ።

ግንቦት 10
ሳንባውን በፌስታል ይዤ የእንስሳት ሐኪሟ ዘንድ። የበግ ፈንጣጣ ነው አለች። ሰው አይዝም። ቆዳ ላይ የሚታየው ትንሹ ነው። ሳንባ ውስጥ የሰውነት ዘበኞች አሉ፤ ጠላት ሲገባ ድረሱልን ብለው ይልካሉ። ቫይረሱ መልእክቱን መንገድ ላይ ይቀማል። እርዳታው ይዘገያል፤ ሲመጣም ልክ የለው፣ ሳንባው በገዛ ጠባቂዎቹ ያብጣል፣ ውሃ ይቋጥራል። ከኋላ ሌላ የሳንባ ምች ይከተላል።
ገባኝ፣ ደላላ ነው አልኳት። ገበሬው የከተማውን ዋጋ እንዳይሰማ መሀል የሚቆም። ሳቀች። «አንተው ነህ ያልከው፣ ጋሽ ሰይድ!»
በጎቹ ከበረት እንዳይወጡ አለች። ደህና የሚመስለውም ያጋባል።

ግንቦት 11
አንዱ ሙክት አፍንጫው ይዝረበረባል። እንድሪስ መጣ። የሚያስሉትን አስቀርተህ ሌሎቹን ነገ ገበያ አውጣ፣ ዝም በል ይላል። ለአረፋ የሚገዛ ለእርድ ነው፣ ማን ያውቃል ይላል። ሁሉም ለእርድ አይደለም። ጎረቤቴ እትዬ አስናቁ ለርቢ ሴት በግ ያዝልኝ ብላኛለች። ሰይድ ከመረጠው ዓይኔን ጨፍኜ እወስዳለሁ ትላለች።
ሞራው ሬሳ አይወጣም አላለህም ወይ አልኩት።
«እሱማ ለሰው ነው!»
መሳቅ አቃተኝ።

ግንቦት 12፣ ንጋት
ሙክቱ ሞተ። በሽታው የሚያሸንፈው መልእክት እየቀማ ነው። እንድሪስም ከእኔ የሚፈልገው ይኼንኑ። ትናንት እሺ ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ይኼም ይጻፍ።
በረቱን ዘግቻለሁ። ገበያ እወርዳለሁ፣ ያለ በግ። ከአምባሰል የገዛችሁ ሁሉ ሐኪሟን ጥሩ እላለሁ፤ የእኔ ታሟል ብዬ እጀምራለሁ። ከዚያ በኋላ ከእኔ ማን እንደሚገዛ አላህ ያውቃል።
መጀመሪያ ግን እትዬ አስናቁ። በሯን ስትከፍት ይሰማኛል። ዓይኗን ሳትጨፍን ልሂድና ልንገራት።