ክብደታቸው የበዛ ሕሙማንን ከመተንፈሻ ማሽን ያላቀቁት የሲስተር ሀውራ ሙንተሲር ዕረፍት

የሐይቅ ዳር አጠቃላይ ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል አስተባባሪ ነርስ ሲስተር ሀውራ ሙንተሲር ዛሬ ማለዳ በድንገተኛ የልብ ሕመም ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። ማኔጅመንቱም ሠራተኛውም ከባድ ሐዘን ላይ ነን። በዚህ ዓመት ስንት የሐዘን መግለጫ እንዳወጣን መቁጠር ትተናል፤ ይህኛው ግን እንደ ሌሎቹ አይደለም።

ሲስተር ሀውራ አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ተወልደው ያደጉ ሲሆን ሆስፒታላችንን የተቀላቀሉት በ2007 ዓ.ም. ነው።

በ2013 ዓ.ም. ክብደታቸው የበዛ ሕሙማን ከማሽኑ ሊላቀቁ ሲሞከር ይደክሙና ተመልሶ ይገጠምላቸው ነበር። እኛም «ሳንባው አላገገመም» ብለን እንመዘግብ ነበር። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ሙከራውን የምናደርገው በጀርባቸው አስተኝተን ነበርና። ሲስተር ሀውራ «ሆዱ ደረቱ ላይ ወጥቶበት እንዴት ብሎ ይተንፍስ? እስቲ አስቀምጡትና እዩት» ብለው ተከራከሩ። አስቀምጠው ከሞከሯቸው የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ሕሙማን ሰባቱ በእግራቸው ወደ ቤታቸው ሄደዋል።

በ2015 ዓ.ም. አንድ መቶ አርባ ኪሎ የሚመዝኑትን የአምባሰሉን አቶ ውበቱን ነርሶቻችን ማንሣት አቃታቸው። ሲስተር ሀውራም የአቶ ውበቱን ቅሬ አስጠሩ። በአገራችን በሽተኛ ተሸክሞ ሐኪም ቤት የሚያደርሰውም፣ ቀብር የሚያስፈጽመውም ቅሬ፣ ማለትም የሰፈሩ እድር፣ ነው። ቅሬው ሆስፒታል ተጠራ ሲባል ቀዬው መርዶ መስሎት ለቅሶ ተቀመጠ፤ ጉድጓድም ተቆፈረ። የቅሬው ሰዎች አንሥተው ያስቀመጧቸው አቶ ውበቱ ግን በሦስተኛው ቀን ከማሽኑ ተላቀቁ። ሆስፒታሉ ሲስተር ሀውራን «ሕዝብ አስደነገጡ» ብሎ በጽሑፍ አስጠነቀቀ፤ ወረቀቱ እስከ ዛሬ ከማኅደራቸው አልወጣም። እናፍራለን። ከዚያ ወዲህ የቅሬ ሰዎች፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ እጃቸውን ታጥበው ጋውን ለብሰው ከነርሶቻችን ጋር ሕሙማን ያነሣሉ።

ሲስተር ሀውራ ትናንት ከሥራ ሲወጡ በወይዘሮ ተሾመች ካርድ ላይ «ነገ ዘጠኝ ሰዓት አስቀምጣችሁ ሞክሩ፤ እንዳይተላለፍ» ብለው ጽፈዋል። ወይዘሮ ተሾመች ማሽን ላይ ከዋሉ አሥራ ሦስት ቀናቸው ነው። የመተንፈሻ ጡንቻቸው በየቀኑ እየላላ ስለሆነ፣ ቀኑ በገፋ ቁጥር የመላቀቅ ዕድላቸው ይጠብባል። የሲስተር ሀውራ ቀብርም ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ወይዘሮ ተሾመችን የሚያነሡት ስድስት የቅሬ ሰዎች ደግሞ የሲስተር ሀውራ ጎረቤቶች ናቸው። ሙከራውን ለነገ ልናስተላልፍ ወስነን ነበር።

ባለቤታቸው አቶ ሙአዊያ ይህን ሲሰሙ «ሀውራን ለመሸከም አራት ሰው ይበቃል፤ እሷ ቀላል ናት። የቀራችሁት ወደ ሴትዮዋ ሂዱ» ብለው ልከውብናል።

ለአቶ ሙአዊያ፣ ለልጆቻቸው፣ ለጎረቤቶቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው ፈጣሪ ሶብሩን ይስጥልን። ስድስቱ የቅሬ ሰዎችና የክፍሉ ነርሶች በቀብሩ ላይ አይገኙም።

የሐይቅ ዳር አጠቃላይ ሆስፒታል