ሞልቶ የተገኘው ታንከር

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 4

ዝናብ። ሳምንቱን ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ሳጥብ ሰነበትኩ፣ ዛሬ እንቅልፍ ብቻ።

ከሰዓት አባዬ ደወለ። ጀልባዋን ዘንድሮ ተያት፣ ለበረዶው ክረምት እኔው ራሴ አዘጋጃታለሁ አለኝ። በየትኛው ጉልበቱ? ደረጃ እንኳ እያቃሰተ ነው የሚወጣው። በየዓመቱ በዚህ ወር ውሃዋን አውጥቼ፣ ቱቦዎቿን አጥቤ፣ አንቲፍሪዝ፣ ያን በረዶ የማይሆን ፈሳሽ፣ የምሞላላት እኔ ነኝ። ትንሽ ውሃ ውስጧ ከቀረ በረዶ ሆኖ ፓምፑንም ሞተሩንም ይሰነጥቃል። በጋውን ከቦታዋ አልተነሳችም፣ ብዙ ሥራ የላትም አለ።

ራይሊ እንዴት ናት ስለው "ደህና ናት" አለ። እናቴ ከሞተች በኋላ የአባዬ ወዳጅ ናት፣ እሷ ቤት ነው የሚኖረው፣ ላህቲ ከተማ። ቤቷ ውስጥ ፍርፋሪ አይታይም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9

የሚቀጥለው ሳምንት ውርጭ ነው አለ ሬዲዮው። አባዬ ጀልባዋን እንዳልነካት እርግጠኛ ነኝ። ቅዳሜ ሄጄ ልገላገለው። ሳልነግረው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 11

እጄን ደጋግሜ ታጠብኩ። አሁንም ይሸታል... ወይስ አፍንጫዬ ውስጥ ነው የቀረው?

ጀልባዋ ውስጥ ሰው እየኖረ ነው።

የክፍሏን በር በቁልፌ ስከፍት ጠረኑ ፊቴን መታኝ። የተጠበሰ ዓሣ፣ እርጥብ ካልሲ፣ ሽንት። የዕቃ ማጠቢያው በረጋ ስብ ነጭ ሆኗል። የመጠጥ ውሃውን ታንከር ከፍቼ እጄን ሰደድኩ... ግድግዳው እንደ ቀንድ አውጣ ሆድ ያሙለጨልጫል። ይሄን ነው የሚጠጣው? የሽንት ቤቱ ታንከር ደግሞ እስከ አፉ ሞልቷል። ከቦታዋ ያልተነሳች ጀልባ! የመምጠጫውን ቱቦ ልገጥም ስል ገንፍሎ ክንዴ ላይ ፈሰሰ። እስከ ክርኔ። ወጥቼ የማቆሚያው ጣውላ ላይ አስመለስኩ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

የሆነ ሰካራም ነው። በአባዬ ብርድ ልብስ ይተኛል፣ በአባዬ ሳህን ይበላል፣ ማሞቂያ ሰክቶ ይሞቃል። ቁልፉ ግን አልተሰበረም... እንዴት ገባ?

የጀልባ ማቆሚያውን ጠባቂ ታውኖን ጠየቅኩት። ቀና ሳይል፣ መረቡን እየፈታ፣ ምንም አላየሁም አለ። አፍንጫው ሥር ሆኖ? የማይረባ ሽማግሌ። ጓጉንቸር ገዝቼ በበሩ ላይ ደረብኩበት። ውጭ ይደር!

እሑድ፣ ጥቅምት 12

አባዬ ደወለ። ጀልባዋን ቆለፍሻት ወይ? አለኝ። ማን ነገረው? ስለ ሰካራሙ አወራሁለት። ያየሁትን ቆሻሻ ሁሉ፣ አንድም ሳላስቀር። ከብት እንኳ እንዲህ አይኖርም አልኩት።

 ከዚያ የሆነ ነገር ተናገረ፣ አልገባኝም። ቃሉ ሁሉ ከንፈሩ ላይ ይልፈሰፈሳል። ጥርስህን አላደረግክም እንዴ? አልኩት። ረሳሁት አለ። የት? ስልኩ ተዘጋ።

አባዬ ሰው ሠራሽ ጥርሱን ሳያደርግ ከክፍሉ አይወጣም። እናቴ እንኳ ያለ ጥርሱ አይታው አታውቅም።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ያልተሰበረው ቁልፍ። መረቡ ላይ የተተከለው የታውኖ ዓይን። ማጠቢያው አጠገብ ያየሁት፣ አስጠልቶኝ ያልከፈትኩት፣ ክዳን ያለው ኩባያ...

ያ ከብት አባቴ ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 13

ከሥራ ቀረሁ። አባዬን የማቆሚያው ሳውና፣ የእንፋሎት መታጠቢያው ውስጥ አገኘሁት። ታውኖ ነው የከፈተለት። ካፖርቱን እንደለበሰ፣ ኮሌታውን እስከ አፉ ስቦ ተቀምጧል። ኩባያውን ከጀልባዋ አምጥቼ ሰጠሁት፣ ክዳኑን ሳልነካ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ጥርሱን አደረገ። ከዚያ ዞረ።

"በአባትሽ ላይ ቆለፍሽ" አለኝ።

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ? አላልኩም። ለምን እንደዋሸኝ ጠየቅኩት። ራይሊ በግንቦት አስወጥታዋለች። ይተፋል፣ ያንኮራፋል፣ በነጭ ፎጣዬ ዓሣ ይጠርጋል ብላ። እውነቷን ነው፣ ሁሉንም ያደርጋል። ግን ያን ሁሉ ጊዜ በስልክ "ደህና ናት" እያለ... ከታንከሩ ይልቅ ይሄ አስጠላኝ።

ጉልበቱን ሲያሻሽ ቆየ።

"በዚህ ዕድሜዬ ሴት አባረረችኝ ብዬ ለልጄ ልንገር? አንቺ ደግሞ ሁሉን ትጸየፊያለሽ። ትንሽ ልጅ ሆነሽ እንኳ እኔ በጠጣሁበት ብርጭቆ አትጠጪም ነበር።"

 እውነት ነው።

ክረምቱንም እዚያው ሊያሳልፍ ነው ያሰበው። ውሃውን እንዳላወጣ ለመነኝ። ውሃ ከሌለ ምን እጠጣለሁ፣ በምን አበስላለሁ አለ። ታዲያ ምን ላድርግ? ውሃው ከቀረ ጀልባዋ ትፈነዳለች። ከወጣ አባዬ መኖሪያ የለውም።

እኔ ጋ ትመጣለህ አልኩት። አልመጣም አለ። ታጥበህ ትመጣለህ አልኩት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14

ጠዋት ጣውላው ላይ ውርጭ ነበር። አባዬ ገመዶቹን ጨብጦ ሲመለከተው ደረስኩ።  በሩን ከፈተልኝ።

መጀመሪያ የሽንት ቤቱን ታንከር አስመጠጥን። ትንፋሼን ይዤ። ቀጥሎ የውሃውን ታንከርና የውሃ ማሞቂያውን አፈሰስን፣ ቢጫ ሆኖ ወጣ። በሆምጣጤ ፈተግኩት። ከሻወሩ መውረጃ በሽቦ የጎተትኩት ነገር የሞተ አይጥ መስሎኝ ጮህኩ። ፀጉር ነው። ሳሙና የበላው ነጭ ፀጉር።

"የእኔ አይደለም" አለ አባዬ።

"ታዲያ የታውኖ ነው?"

ታውኖ ራሱ ላይ አንድ ፀጉር የለውም። አባዬ ሳቁን ሊይዝ ሞከረ፣ አልቻለም። እኔም አልቻልኩም፣ ያን ነገር በእጄ እንደያዝኩ።

ከዚያ ሮዙ አንቲፍሪዝ። ባልዲውን እሱ ያዘ፣ እኔ ከቧንቧ ቧንቧ እየዞርኩ ሮዝ ቀለሙ እስኪመጣ ከፈትኩ። ሽንት ቤቱንም። ሞተሩን አስነስተን ከባልዲው አጠጣነው፣ ከኋላ በጭስ ማውጫዋ ሮዝ እስኪተፋ። የመጨረሻውን ቧንቧ ስዘጋ አባዬ ብርድ ልብሱን ራሱ አጠፈ። ጥግ ለጥግ፣ ቀስ ብሎ። እኔን አላየኝም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 23

አባዬ የወጥ ቤት ገንዳዬ ውስጥ ተፋ! ጮህኩበት። "ራይሊንም እንዲህ ነበር የጀመራት" አለ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ጀልባዎቹ ሁሉ ከውሃ ወጥተው መሬት ላይ ናቸው። የእኛንም በሸራ ሸፈንናት። የማቆሚያው ሰዎች እንደተለመደው የአተር ሾርባ አፍልተው፣ ታውኖ ቤት ደጃፍ ቆመን በላን። አንድ አዲስ ጀልባ የገዛ ሰውዬ አባዬን ክረምቱን የት ነህ ብሎ ጠየቀው። እኔ አቀረቀርኩ። "ላህቲ፣ ራይሊ ጋ" እንደሚል አውቃለሁ።

"ልጄ ጋ" አለ አባዬ። "ራይሊ አባረረችኝ። በጋውን እዚህ ጀልባ ውስጥ ነበር የምኖረው።"

ማንም አልደነገጠም። ሁሉም ሾርባው ውስጥ ማየት ጀመረ። ታውኖ ብቻ፣ ማንኪያውን እየላሰ፣ "እናውቃለን አርቮ" አለው አባዬን።

ያውቃሉ! አንዱ ዓሣ በር ላይ ያስቀምጥለት ነበር። አንዱ ማሞቂያ አውሶታል። በሳውናው እንዲታጠብ የፈቀዱለት ገና በሰኔ ነው። ሁሉም ያውቃል፣ ከእኔ በቀር። ይሄ ሁሉ ሽማግሌ አንድ ስልክ መደወል አቅቶት! ሾርባው አፌ ውስጥ መረረኝ። ሳህኑን አስቀምጬ ወደ መኪናው ሄድኩ።

አባዬ እያነከሰ ተከተለኝ። ገብቶ ተቀመጠ። እንዳይነግሩሽ ያስማልኳቸው እኔ ነኝ፣ እነሱን አትቆጪያቸው አለ።

"ታዲያ ዛሬ ምን አናገረህ?"

"አሁንማ ቤት አለኝ።"

መኪናውን አስነሳሁ። እሱ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ፣ እጅጌውን ደግሞ በወንበሬ። አይቼ ዝም አልኩ።

ለዛሬ ብቻ።