የሸሚዙ ትርፍ

ይድረስ ለወንድሜ ለዮሲ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ያንተን ጤና እጠይቃለሁ፤ የቁስልህን ጤና ደግሞ ለብቻው እጠይቃለሁ። ቀኝ ጎንህ እንዴት ነው? የግራውስ ስፌት? እጅህ አሁን ከራስህ በላይ ይነሣል ወይ? ብርዱስ? እኛ ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ሁሉ በስልክ የማልነግርህ እማዬ አጠገቤ ስለምትቀመጥ ነው። ወረቀት ጆሮ የለውም፤ የአክስታችን ልጅ ሶፍያ ወደ ኮሎኝ ስትመለስ ከሸሚዝህ ጋር ታደርስልሃለች።

ጡትህን ስላስወጣህበት ቀዶ ሕክምና የጻፍክልኝን ደብዳቤ፣ መኪና ግርግር በምትባለው የሰፊዎች መንገድ ባለችው ሱቄ ውስጥ በሩን ገርበብ አድርጌ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጡቱ ትንሽ ለሆነ ሰው በጫፉ ዙሪያ ብቻ ተቀዶ እንደሚሠራ፣ ያንተ ግን ትልቅ ስለነበር ከሥር ሁለት ረጃጅም ቅዶች እንዳስፈለጉ፣ ጫፎቹም ተነሥተውና አንሰው እንደ ኪስ በአዲስ ቦታ እንደተሰፉ ጽፈሃል። እኔ በልብስ ነው የገባኝ። ኪስ ነቅሎ መልሶ መስፋት ቀላል አይደለም፤ የሐኪምህ እጅ ይባረክ። ጫፉ ላይ ስሜት ላይመለስ እንደሚችል አስቀድሞ መናገሩንም ወደድኩለት፤ እኔ ለደንበኞቼ ይህን ያህል ሐቀኛ አይደለሁም። የግራው ጠባሳ መወፈሩ ግን አሳስቦኛል። ሐኪሙ ዓመት ሲያልፈው ይደበዝዛል፣ ካልሆነም በትንሽ ሥራ ይስተካከላል ካለህ ታገሥ፣ አትነካካው። አውቅሃለሁ፣ ቅርፊት መላጥ ትወዳለህ።

የከነከነኝ ሌላ ነው። በአሥራ ሰባት ዓመትህ ደረትህን የምታስርበትን ላስቲክ የሰፋሁልህ እኔ ነኝ። አጥብቂው ስትለኝ አጠብቅ ነበር። ሐኪም ጋራ ተራራውን ስንወጣ እየቆምክ ስታለከልክ አቧራው ነው ትለኝ ነበር፤ እኔም እያወቅኩ አዎ አቧራው ነው እልህ ነበር። አሁን፣ ብርዱ ሳይገባ ሐይቅ ዳር ደረትህን ለፀሐይ ሰጥተህ የተነሣኸውን ፎቶ ሳይ አለቀስኩ። ፎቶ ግን ትንፋሽ አያሰማም። አጠገቤ ተቀምጠህ እንደ ልብህ ስትተነፍስ መስማት ነው የናፈቀኝ። ሸዋ በር ሚኒባስ ሰው ሲያወርድ ዛሬም ቆሜ አያለሁ። ና ለማለት ግን አልደፍርም፤ የሰፈሩን አፍ እኔም አንተም እናውቀዋለን።

እማዬ እንደ ባዳ አንቱ ትለኛለች ብለህ ከፍቶሃል። አይክፋህ። ሴት ልጄ ብላ ስታሳድግህ የለመደችውን አንቺ ማለቱን ትታዋለች፤ አንተ ደግሞ ከአፏ አልወጣ ብሏት ነው። ሁለቱን ሽሽት አንቱ ውስጥ ተደበቀች። ስለ ሕክምናው የነገርኳት ጊዜ ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም።

ሸሚዙን በላክኸው ልክ የቆረጥኩ መስሎኝ ነበር። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው አው በክሪ አገላብጠው አዩትና፣ ወላሂ ገላነሽ፣ ደረቱ ላይ ሌላ ሰው ይገባበታል ብለው ሳቁብኝ። እጄ ነው ጥፋተኛው። ስንት ዓመት ደረትህን ልደብቅልህ የሸሚዝህን ፊት ሳሰፋ ለምዶ፣ ሳላውቀው አሁንም ትርፍ ትቷል። ቤት ወስጄ ልተረትረው ስል እማዬ ከእጄ ቀማችኝ። መነጽሯን አደረገች። የሐይቁን ፎቶ አምጪ አለችኝና ብዙ አየችው። ቁስሉ አሁንም ያማል ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ቀንሷል አልኳት። ከዚያ ትርፉን ተርትራ አወጣችና በእጇ ሰፋችው። ጠመም ካለ የዓይኗ ነገር ነው፣ እንዳታስተካክለው።

ባለቤቴ ጌታቸው ሰላም ብሎሃል፤ እሱ እንደምታውቀው ከሰላምታ አያልፍም። ልጄ ብሌን የአጎቴ ነው እያለች ሸሚዙን ለብሳ ቤቱን ስትጠርግበት ነበር፣ አጥቤዋለሁ። አው በክሪ መታመምህን ብቻ ነው የሚያውቁት፤ አላህ ዓፊያ ያድርገው ብለዋል።

እማዬንም ምን ልጻፍልሽ አልኳት። የመጨረሻዋን ቁልፍ እየተከለች ነበር። እንደ ልማዷ በአንቱ ጤና ይስጥልኝ ትላለች ብዬ ብዕሬን ይዤ ስጠብቅ፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና እኔ ያልደፈርኳትን አንዲት ፊደል አለችኝ።

ና።

እህትህ ገላነሽ
ሐረር፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.