ድምፅ የሌለው ሞተር

አባዬ፣

ትናንት ጠዋት የትራንስፖርት ሚኒስቴር የናፍጣ አውቶቡሶች በሙሉ በሦስት ወር ውስጥ ከሥራ እንደሚወጡ አስታወቀ።

ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ ዳገቱን ይፈቅድልዎታል? እማዬስ ዓይኗን ታከመች? እኔ ደህና ነኝ። ዜናውን በሬዲዮ ሰምተው ሐሳብ እንዳይገባዎ ብዬ ነው ቶሎ የጻፍሁት።

ምክንያታቸውን አልክድም። ፓርላማው የነዳጅ ድጎማውን ካነሳ ወዲህ ናፍጣ እሳት ሆኗል፤ ኤሌክትሪኩ ግን ከገዛ ወንዛችን ነው። የከበደኝ ባለፈው ወር የወጣው የሠራተኛ መመሪያ ነው። በአዲሱ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ተፈትኖ የወደቀ ሹፌር ወደ ትኬት መስኮት ይዛወራል፤ ዳግም ፈተና የለም። እኔ ደግሞ ወድቄያለሁ። አይደንግጡ።

የጣለኝ የእርስዎ ትምህርት ነው ብልዎ ይስቁ ይሆናል። ልጅ ሳለሁ ጋራዥ ውስጥ፣ መጀመሪያ ጆሮሽን ስጪው ይሉኝ አልነበር? ሃያ ሁለት ዓመት በጆሮዬ ነዳሁ። እዚህ በአውቶቡስ ዴፖውም ፈረቃ ስንቀያየር ሞተር አይጠፋም፤ ተረካቢው በሩ ላይ ቆሞ ካዳመጠ በኋላ ነው መሪው ላይ የሚቀመጠው። በፈተናው ቀን ማስነሻውን ተጫንሁት፣ ዝም። አልተነሳም ብዬ ደገምሁት፣ አሁንም ዝም። በሦስተኛው ፈታኙ፣ እትዬ፣ እያስነሱ መልሰው የሚያጠፉት እኮ ራስዎ ነዎት አለኝ። ጡሩምባ የምንለው ባልደረባዬ ባየኝ ቁጥር፣ ዛሬስ ቀሰቀስሽው ወይስ አስተኛሽው ይለኛል። እሱም በማግስቱ እንደኔው ወድቋል።

አለቃችን፣ መስኮቱ ጥላ ነው፣ ደመወዙም ያው ነው፣ ምን አነሰሽ አለኝ። እኔ ጥላ አልጠየቅሁም አልሁት። የወደቅነው አርባ አንድ ሹፌሮች ተፈራርመን ለሚኒስቴሩ ማመልከቻ አስገባን። ፈተናው ይቅለልልን አላልንም፤ አንድ ጊዜ እንደገና እንፈተን ነው ያልነው።

እስከዚያው ባትሪ የምትሞላው ቴክኒሻን ጠዋት ጠዋት ከፈረቃዬ በፊት ሥራ ባልወጣ አውቶቡስ ታለማምደኛለች። መነሳቱን የምትናገር ትንሽ አረንጓዴ መብራት አለች፤ እጄ ሳይቸኩል ዓይኔ እሷን መፈለግ ለምዷል። ደግሞ አባዬ፣ ሞተሩ ዝም ሲል ሌላው ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ባለፈው ሳምንት በግቢው ስንዞር፣ የኋላ ግራ ጎማ ብሎን ልል ነው አልኋት። ሳቀችብኝ። ወርዳ ስትፈትሸው ሁለት ብሎኖች ላልተው አገኘች። ከዚያ ወዲህ እሷም በሩ ላይ ቆማ ታዳምጣለች።

እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ። ወንድሜ ሞተር ሳይክሉን ቀስ ብሎ ይንዳ፤ ሚስቱን እንዴት ነሽ ይበሉልኝ፣ ትንሿ ልጃቸውንም ይሳሙልኝ። የእርስዎን ጉልበት እኔው መጥቼ እስማለሁ።

ሚኒስቴሩ መልሱን ዓርብ በአራት ሰዓት በመሥሪያ ቤቱ በር ላይ እለጥፋለሁ ብሏል። አርባ አንዳችንም በሦስት ሰዓት እዚያ ነን።

ልጅዎ
ከዴፖው የሹፌሮች ማረፊያ ክፍል፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ