ያልተገኘው አራተኛ ገመድ፦ የአባባ አዋላጅ የሕይወት ታሪክ

አያታችን አባባ ከሰዓት ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በነሐሴ ወር 1944 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱባት ቤት አንድ ክፍል ነበረች፤ ግማሹ የሰዓት፣ ግማሹ የጨርቅ፣ ሰው የሚተኛው የተረፈው ቦታ ላይ ነው። ገና በዘጠኝ ዓመታቸው የጎረቤት ሬዲዮ ፈትተው መልሰው ገጠሙ። ሦስት ብሎን ተረፋቸው፣ ሬዲዮው ግን ይሠራ ነበር። ባለቤቲቱ እስክትሞት ድረስ ባየቻቸው ቁጥር "ብሎኖቼን አምጣ!" ትላቸው ነበር አሉ።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ በ1961 ዓ.ም. ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብተው በኤሌክትሪክ ተመረቁ፤ ከዚያም ሲኒማ ቤት ውስጥ ፊልም አጫዋች ሆነው አራት ዓመት ሠሩ። በ1967 ዓ.ም. እማማን አገቡ። እማማ ያኔ የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ፣ አባባም መጀመሪያ የወደዱት ድምፃቸውን ነው። እማማ ግን "መልኬ ምን ሆኖ ነው?" እያሉ እስከ ቅርብ ጊዜ ይቀየሟቸው ነበር። ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ፤ ታላቋ የኔ እናት ናት።

በ1970 ዓ.ም. ከአንድ ሸሪካቸው ጋር የድምፅ መሣሪያ ማከራያ ከፈቱ። ሠርግ በሉት፣ ምረቃ በሉት፣ ስብሰባ በሉት፣ አባባ ያልዘረጉበት አዳራሽ አልነበረም።

ቀጥሎ ያለውን እናቴ ባይነበብ ትመርጥ ነበር። አባባ ግን ሆስፒታል ተኝተው "ይሄን ከዘለላችሁት የኔ ታሪክ አይደለም" ስላሉ እንዳለ ቀርቧል።

ሰኔ 1974 ዓ.ም. ለአንድ የምረቃ ዝግጅት መድረክ ሲያሰናዱ ስፒከሩ አስቸገራቸው። ጩኸት እንኳን አይደለም፤ ያቺ "እምምም" የምትል፣ ጥርስ ውስጥ የምትገባ ድምፅ አለች አይደል? እሷ ናት። ገመድ ቀየሩ፣ ሚክሰር ቀየሩ፣ ወይ ፍንክች። ሰው መግባት ጀምሯል። አዘጋጁ ደግሞ አናታቸው ላይ ቆሞ "ምንድነው ይሄ? ንብ ነው እንዴ ያመጣህልኝ?" ይላቸዋል። ያኔ ሁሉም ባለሙያ የሚያደርጋት አንዲት ነገር ነበረች፤ ስፒናውን ፈትቶ፣ ኮረንቲ ሲያፈተልክ ወደ መሬት የሚወስደውን ሽቦ መቁረጥ። አባባም የአራት ማራዘሚያ ገመዶችን ስፒና ፈትተው ያንን ሽቦ ቆረጡ፣ ጫፉን በሰማያዊ ፕላስተር ጠቀለሉ፣ መልሰው ዘጉ። ድምፁ ጥፍት አለ። አዘጋጁም "ጎበዝ!" ብሎ ትከሻቸውን መታ መታ አደረጋቸው።

ጊታር የሚጫወተው የእማማ ታናሽ ወንድም ነበር፤ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ። ጊታሩን በአንድ እጁ እንደያዘ በሌላው ማይኩን ጨበጠ። ኮረንቲ ያዘው። ሲንቀጠቀጥ ሰዉ ጭፈራ መስሎት አጨበጨበ። አባባ ሮጠው ዋናውን እስኪያጠፉ ድረስ ጭብጨባው አልቆመም።

ልጁ አልተረፈም።

አባባ ሁለት ወር ታስረው ሲወጡ ሸሪካቸው ሱቁን ዘግቶ ዕቃውን ለየመጣው ሰው ሸጦ ጨርሷል። አራቱም ገመዶች አብረው ሄደዋል። ከውጭ ሲታዩ ደህና ገመድ ናቸው፤ ማንም አይለያቸውም። እማማ ለሁለት ዓመት አባባን አላናገሯቸውም። በመጨረሻ ሲናገሩ መጀመሪያ ከአፋቸው የወጣው "ገመዶቹስ?" የሚል ነበር።

ከዚያ በኋላ አባባ በአንድ ትምህርት ቤት የመብራት ጥገና ሠርተው በ2004 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ለወጉ ሥራቸው ያ ነው እንጂ እውነተኛ ሥራቸው ሌላ ነበር። የትም ቦታ ዝግጅት አለ ከተባለ፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ ሰዉ ከመግባቱ ብዙ ቀድመው ካቻቪቴያቸውን ይዘው ከች ይላሉ። መድረኩ ሥር ቁጭ ብለው እያንዳንዱን ስፒና ፈትተው ያያሉ። መድረክ የሚያሰናዱት ልጆች "መጡ! ዛሬም ስፒና ሊያዋልዱ ነው!" እያሉ ይስቁባቸው ነበር፤ አዋላጅ የሚለው ስም የወጣላቸው እንዲህ ነው። አባባ አይቆጡም። "እምምም" የሚል ስፒከር ሲሰሙ እንዲያውም ፊታቸው ፈታ ይላል። ጸጥ ያለ ስፒከር ሲያጋጥማቸው ግን ላብ ያጠምቃቸው ነበር።

አንደኛውን ገመድ በ1981 ዓ.ም. ሕፃናት ሊዘምሩ የተሰለፉበት አዳራሽ ውስጥ አገኙት። ሁለተኛውን በ1990 ዓ.ም. ሠርግ ቤት፣ ሙሽሮቹ በር ላይ ደርሰው። ሦስተኛውን በ2009 ዓ.ም. የሠራተኞች ስብሰባ ላይ፣ ተሰክቶ፣ ሞቆ። ሰማያዊው ፕላስተር ሦስቱም ውስጥ እንዳለ ነበር። በእያንዳንዱ ጊዜ ቤት ሲገቡ ለእማማ የሚናገሩት የቀረውን ብቻ ነው፤ "ሦስት ቀረ"፣ "ሁለት ቀረ"፣ "አንድ ቀረ"።

ዘንድሮ በጥር ልባቸው ደከመ። ሆስፒታል ራስጌያቸው ላይ ማሽን ሲሰካ "የኔ ልጅ፣ ስፒናውን ከፍተሽ አይተሽዋል?" ብለው ነርሷን ቢጠይቋት "አባባ፣ እዚህ የሚመረመሩት እርስዎ ነዎት እኮ!" አለቻቸው። ሳቁ። ጠያቂ ሲመጣ እንኳን ግን ዓይናቸው ከሶኬቱ ላይ አይነሳም ነበር። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በተወለዱ በ71 ዓመታቸው ዐረፉ። እማማ አጠገባቸው ነበሩ። የመጨረሻ ቃላቸው "አንድ ቀረ" ነው።

አባባ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና የት እንዳለ የማናውቀውን አንድ ገመድ ትተውልን ሄደዋል።

ለዛሬው ሥነ ሥርዓት የድምፅ መሣሪያ ሊያመጡልን የነበሩት ሰዎች "የኪራይ ዕቃ ነው፣ ስፒና አይፈታም" ስላሉን ይህ ጽሑፍ የሚነበበው ያለ ማይክ ነው። ኋላ ያላችሁ እባካችሁ ጠጋ በሉ። ቤታችሁ፣ መሥሪያ ቤታችሁ፣ አዳራሻችሁ ውስጥ አሮጌ ማራዘሚያ ያላችሁ ደግሞ ዛሬ ስትመለሱ ነቅላችሁ ክፈቱና እዩልን። ሰማያዊ ፕላስተር ካያችሁ መልሳችሁ እንዳትሰኩት፤ ለእማማ ደውሉላቸው።

ፈጣሪ ለአባባ ነፍስ ስፒና መፈተሽ የሌለበት ዕረፍት ይስጥልን።